ክቫራትስኬሊያን የቻለ ምላስ

ስሜ ሁለት ፊደል ነው። በጸሎቱ «ጽ» ይጀምርና በ«ጌ» ያልቃል። በቃ፣ ይኼው ነው። ናፖሊ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል፤ ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ ጣሊያናዊ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የምጦራቸው ሽማግሌ «ማሪያ» ነው የሚሉኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ፖላንዳዊት ማሪያ ነበረች። ከእሷ በፊት የነበረችውም ማሪያ። ስለዚህ ማሪያ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ነው ብዬ ደምድሜአለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ተከራክሬ ነበር። «ኖኖ፣ ስሜ እንዲህ ነው» ብዬ ቁጭ አድርጌ አስጠናኋቸው። ኖኖ በእነሱ አያት ማለት ነው። «ቺጌ» አሉ። «ሲጌ» አሉ። አንዴማ «ሲጋሬታ» ብለው ሲጋራ አደረጉኝ። ከዚያ እጃቸውን አወናጨፉና «ተይው፣ ለጥርሴ ይከብዳል፤ ማሪያ ይሻላል» ብለው ዘጉት። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል፣ ጥርሳቸውም ሰው ሠራሽ ነው። ሽማግሌ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ይኼ ሁሉ እንግዲህ ኳስ ተጫዋቹ ክቫራ ከመምጣቱ በፊት ነው።

የ2022 ክረምት ናፖሊ ላይ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ከኳስ ቡድኑ ኩሊባሊ ወደ ቼልሲ ሄደ። ኢንሲኜ የሰፈሩ ልጅ ቶሮንቶ ገባ። እንደ ቅዱስ የሚያዩት መርተንስ ወደ ጋላታሳራይ ሄደ። የክለቡን ፕሬዚዳንት ዴ ላውረንቲስን ያልሰደበ ባር የለም። ዝውውሩን «ካልቾ መርካቶ» ነው የሚሉት። ለኛ ሰው ካልቾ ያው ካልቾ ነው፣ መርካቶም ያው መርካቶ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ እኔን የሚያስታውሰኝ ቦምብ ተራ ሌባ ሲያዝ ነው። ኖኖም ከስድብ ሌላ አልተናገሩም። «ዘንድሮ ካልወረድን ተመስገን» አሉ።

ነሐሴ 9 ቀን ጨዋታ ተጀመረ። በእነሱ ኦገስት 15 ነው። እነሱ ማርያም ያረገችበት ቀን ነው ብለው በዓሣና በሥጋ ይጨፍራሉ፤ እኔ ገና ፍልሰታ ላይ ነኝ፣ ሽሮዬን እያማሰልኩ። ናፖሊ ቬሮና ሄዶ 5 ለ 2 አሸነፈ። ከጆርጂያ፣ ከዲናሞ ባቱሚ የመጣ የ21 ዓመት ቀጭን ልጅ በመጀመሪያ ጨዋታው በቴስታ አገባ። ኖኖ ያን ሰዓት ጥርሳቸውን አውልቀው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ከተውታል። በድዳቸው፣ ሳይደናቀፉ፣ ሳይንተባተቡ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ አወረዱት፦ «ክቫራትስኬሊያ!»

ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እስቲ ቁጠሩት። ክ፣ ቫ፣ ራ፣ ት፣ ስ፣ ኬ፣ ሊ፣ ያ። ስምንት ፊደል። የኔ ሁለት።

ሳምንት ሳይሞላ ከተማው በሙሉ ቻለው። ዳቦ ጋጋሪው ይለዋል፣ የአራት ዓመት ሕፃን ይለዋል፣ የቤተክርስቲያኑ ቄስ ይለዋል። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ «ክቫራዶና» አሉት። ማራዶና በሚመለክበት ከተማ፣ በአንድ ባር ግድግዳ ላይ የማራዶና አንድ ዘለላ ጸጉር እንደ ታቦት ተከብሮ በተቀመጠበት ከተማ፣ የማራዶናን ስም ቆርሰው ለእንግዳ ሰጡት።

እኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጆርጂያዊት አለች። እንደኔው ባዳንቴ ናት፤ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። ጣሊያን ውስጥ በዚህ ሥራ ያሉ ጆርጂያውያን ሴቶች ብዙ ናቸው። ሕንጻው ሙሉ «ሩሲያዊቷ» ነበር የሚላት። በ2008 ሩሲያ አገሯን በቦምብ ስትመታ በዓይኗ ያየች ሴት ናት። ሩሲያዊቷ ስትባል ፊቷ የሚሆነውን አይቻለሁ። ኤርትራዊቱን ጓደኛዬን «ኢትዮጵያዊቷ» ሲሏት፣ እኔን ደግሞ «ሶማላ» ሲሉኝ እንደምንሆነው ነው።

ክቫራ መጣና ሴትዮዋ አገር አገኘች። ዓሣ ሻጩ ትርፍ ይመርቅላታል። ፋርማሲ ሰልፍ ላይ «ጆርጂያ! ጆርጂያ!» ይሏታል። ትብሊሲ የት እንደሆነች ካርታ ላይ የሚያሳዩ የቡና ቤት ፕሮፌሰሮች በቀሉ። እኔ ቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ቀናሁ። ኋላ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አሁን የሚጠሯት «ክቫራ» ብለው ነው። ከሩሲያዊቷ ወደ ክቫራ ተዛወረች እንጂ የራሷን ስም ዛሬም የሚጠራት የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼ ነው። አንድ ቀን አሳንሰር ውስጥ «ልጁን ሁሉም በስህተት ነው የሚጠሩት» አለችኝ። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ጉሮሮ ላይ የሚፈነዳ ድምፅ ነው። አለችልኝ፤ የእኛው «ቀ» ልትሆን ምንም አልቀራትም። «ሌላስ የሚፈነዳ አላችሁ?» አልኳት። ዘረገፈችው፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ። በመጨረሻ «ጸ» አለች። ስሜን ነገርኳት። አንዴ ሰማችኝና መልሳ ጠራችኝ። ልክ እንደ እናቴ። በዚያ ጠባብ አሳንሰር ውስጥ ዓይኔ ውሃ ቋጠረ፤ እሷ ምን እንደሆንኩ አልገባትም።

እናቴን ካነሳሁ፣ ጣሊያን ልሄድ ነው ስላት ያለችኝን ልንገራችሁ። አባቷ አርበኛ ነበሩ። ፎቷቸው ከነሜዳልያው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። «ከስንቱ አገር መርጠሽ፣ አባቴ ያባረረውን ሰውዬ ልትጦሪ?» አለች። «ያኛው አይደለም እማ፣ ሌላ ነው» አልኳት። «የእሱ ልጅ ነዋ» አለችኝ።

ወደ ኳሱ ልመለስ።

ናፖሊዎች ሟርት ይፈራሉ። እንደኛ ማለቴ ነው፤ ምናልባትም ይብሳሉ። የቤት ቁልፋቸው ላይ ትንሽ ቀይ ቀንድ ያንጠለጥላሉ። ጥቅምት ላይ ቡድናቸው አንደኛ ነበር፤ ለዓለም ዋንጫው እረፍት ሲወጡም አንደኛ። ኖኖ ግን «ስኩዴቶ» የምትለዋን ቃል ከቤታቸው አገዱ። ስኩዴቶ ትንሿ ጋሻ ማለት ነው። የሊጉ ባለድል በቀጣዩ ዓመት ማሊያው ላይ ይሰፋታል። ናፖሊ እስከዚያ ድረስ የሰፋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፣ በ1987 እና በ1990፤ ሁለቱንም ከማራዶና ጋር። ኖኖ «ያቺ ነገር» ይሏታል። ጃንዋሪ 13 ቀን ጁቬንቱስን 5 ለ 1 ሲያጠቡት ልጃቸው ከሚላን ደውላ «ፓፓ፣ ዘንድሮ እኮ…» አለች። አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም። ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

ይኼን ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። የኛ ሰው ቪዛ ጠይቆ ለገዛ ወንድሙ አይናገርም። ቦሌ ሻንጣውን ካስገባ በኋላ ነው «ሄድኩ እኮ» ብሎ የሚደውለው። ያረገዘች ሴት ሆዷ ራሱ እስኪናገር ዝም ነው። ቤት የሚገዛ «ኧረ ከየት አምጥቼ» ይላል፣ ካርታው ኪሱ ውስጥ ሆኖ። የሚገርመኝ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ኳስ ላይ ሲደርስ የት እንደሚገባ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የአርሰናል ቲፎዞ ነው። በዚያው ዓመት አርሰናል የእንግሊዝን ሊግ ይመራ ነበር። ወንድሜ ገና በጥር ቴሌግራሙ ላይ ዋንጫ ለጠፈ። «ዘንድሮ የእኛ ነው» እያለ ሰፈሩን አሳበደ። የራሱን የካናዳ ፕሮሰስ ግን ለእኔ የነገረኝ ከተከለከለ በኋላ ነው! ሚያዝያ ላይ አርሰናል በተከታታይ አቻ ይወጣ ጀመር። ሲቲ ዋንጫውን ወሰደ። ኖኖ ቢያውቁት ኖሮ ወንድሜን በአለንጋ ይገርፉት ነበር።

በነገራችን ላይ ቲፎዞ የምንለው ቃል የጣሊያኖቹ ነው። «ቲፎ» በቋንቋቸው ታይፈስ ነው፤ ያው አገር ቤት ከታይፎይድ ጋር አብሮ የሚታዘዝልን። ትኩሳቱ አናት ላይ ወጥቶ የሚያስቀባጥር በሽታ። ቃሉን ስንወስድ በሽታውንም አብረን ነው የወሰድነው።

መጋቢት ሲደርስ ግን የናፖሊ ወጣቶች ሟርቱን ረሱት። ከሰገነት ሰገነት ሰማያዊና ነጭ ፕላስቲክ ተወጠረ። በየግድግዳው «3» ተጻፈ። የተጫዋቾቹ ምስል በቁመታቸው ተቆርጦ መንገድ ዳር ቆመ። ለዓይኔ የጥምቀት ሰሞን የኛን ሰፈር ነው የመሰለኝ፤ ቀለሙ ብቻ ተቀየረ። ልክ እንደኛ ልጆች መዋጮ እየጠየቁ በር ያንኳኳሉ። ኖኖ 20 ዩሮ ሰጧቸው። ሰገነታቸው ላይ ግን አንዲት ክር እንዳትታሰር አሉ። «ያቺ ነገር ስትመጣ ስቀሉት!»

በኤፕሪል 2 ሚላን እዚሁ ማራዶና ስታዲየም መጥቶ 4 ለ 0 ገረፋቸው። በዚያው ወር ከቻምፒዮንስ ሊግም ሚላን አስወጣቸው። ኖኖ በመስኮት የተወጠረውን ፕላስቲክ በጣታቸው እያሳዩ «አላልኩም? አላልኩም?» ሲሉ ሰነበቱ።

የኔ ጣጣ የመጣው ሚያዝያ 22 ቀን እሁድ ነው። ከሳሌርኒታና ጋር ነበር ጨዋታው። ቅዳሜ ይደረግ የነበረው ሆን ተብሎ ወደ እሁድ ተገፋ፤ ኢንተርና ላዚዮ ቀድመው እንዲጫወቱ። ኢንተር ላዚዮን 3 ለ 1 አሸነፈ። እንግዲህ ናፖሊ ካሸነፈ አለቀ ማለት ነው። የኛ ቤት ፉዎሪግሮታ ሰፈር ነው፤ ከስታዲየሙ የአሥር ደቂቃ መንገድ። ጎል ሲገባ የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ ይንጫረራል። የኖኖ ልጅ ከባሏ ጋር ከሚላን መጥታለች። በ62ኛው ደቂቃ ኦሊቬራ በቴስታ አገባ። ብርጭቆው ተንጫረረ። ሁሉም ተቃቀፈ። እኔንም አቀፉኝ።

ትንሽ ቆይቼ ቡና ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ሞካዋን ጣድኩ። አራት ሲኒ በትሪ ይዤ የሳሎኑን በር በክርኔ ከፈትኩ። ልክ እግሬ ደፉን ሲሻገር ሴኔጋላዊው ዲያ ኳሷን አጥፎ መረብ ውስጥ ከተታት። 84ኛው ደቂቃ። 1 ለ 1።

ማንም ቴሌቪዥኑን አላየም። ሦስቱም የዞሩት ወደ እኔ ነው።

«ማሪያ!» አሉ ኖኖ።

እግረ ደረቅ ተደረግኩ። አገሬ እያለሁ «እግሯ እርጥብ ነው፣ ስትገባ ቡናው ይፈላል» የምባል ሴት ነኝ። ባሕር ተሻግሬ መጥቼ የአንድ ከተማ የ33 ዓመት ተስፋ በእግሬ አደረቅኩ። ሲኞራዋ የሚላን ሰው ሆና ተምራለች፣ ቢሮ ትሠራለች፤ እሷ እንኳ «አይዞሽ» አላለችኝም። እዚያው ፍርድ ተሰጠ። ሐሙስ ከኡዲኔዜ ጋር በሚደረገው ጨዋታ ማሪያ ወጥ ቤት ትቀመጣለች። በሩም ይዘጋል።

ይግባኝ አላልኩም። ወጥ ቤት ተቀምጬ የማስበው ግን በዛ።

ያሰብኩት የኛን ኳስ ነው። እዚህ ቡድኑ ሰፈር ውስጥ ነው የሚጫወተው። ሕፃኑ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ በእግር ሄዶ ያያል። ኖኖ በእግራቸው መሄድ ቢያቅታቸውም ጩኸቱ በመስኮት ይገባላቸዋል። የኛ ሊግ በዚያው ዓመት የት ነበር? ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ። ሁሉም ቡድን ተጠቃሎ አንድ ከተማ ይሰፍርና እንደ ሠርገኛ ወደሚቀጥለው ይዞር ነበር። አዲስ አበባ ያለ የቡና ደጋፊ ቡናን የሚያየው በቴሌቪዥን ነበር። የአዲስ አበባ ስታዲየም እድሳት ላይ ነው ተብሎ ተዘግቶ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ጁን 2022 ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ግብጽን! በ«ሜዳችን»። ሜዳችን የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። አገር ቤት የአፍሪካ ኳስ የበላይ የሆነው ካፍ የፈቀደው ሜዳ ስለጠፋ። ያን ቀን ስታዲየሙ እዚያው ቢሆን ኖሮ ከመስቀል አደባባይ እስከ ሜክሲኮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

ገንዘብ የለም አይደል የሚባለው? ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ወንበር ተከራይቶ አርሰናልን የሚያይ ሕዝብ ገንዘብ የለውም አትበሉኝ። ወንድሜን «ከብሔራዊ ቡድን ሦስት ተጫዋች ጥራ» አልኩት በስልክ። «አቡበከር ናስር… እ… ቆይ…» አለ። የአርሰናልን ተቀያሪ በረኛ ጠይቁት፣ የጫማ ቁጥሩን ይነግራችኋል። እንግዲህ ኖኖን በምን አፌ ልውቀስ? የሩቁን ስም አጥንቶ የጓዳውን መርሳት እኛም ቤት አለ።

ክቫራ ቢኖረን ኖሮ ስሜን ይጠሩኝ ነበር ብዬም አስቤ ነበር፤ አልደብቅም። ከዚያ ኦሲምሄን ትዝ አለኝ። ናይጄሪያዊ ነው። ሌጎስ ውስጥ መንገድ ላይ ውሃ እየሸጠ ያደገ ልጅ። በዚያ ዓመት 26 ጎል አስቆጥሮ በጣሊያን አንደኛ ሊግ የጎል ንጉሥ የሆነ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው። በ2021 ፊቱ ከተሰበረ ወዲህ የሚያደርጋት ጥቁር ጭንብል በየመንገዱ ትሸጥ ነበር፤ የናፖሊ ልጅ ሁሉ ጭንብሏን አጥልቆ ይሮጥ ነበር። ታዲያ ቡድኑ ልምምድ የሚሠራው የት ነው? ካስቴል ቮልቱርኖ። በባሕር ዳርቻ ያለች፣ ከናፖሊ ወደ ሰሜን ወጣ የምትል ከተማ ናት። እዚያው ከተማ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ናይጄሪያውያንና ጋናውያን በፈራረሱ የመዝናኛ ቤቶች ይኖራሉ። በማለዳ አደባባይ ዳር ቆመው የቀን ሥራ ይጠብቃሉ። በ2008 ካሞራ የሚባለው የናፖሊ ማፊያ ሰዎች ስድስት አፍሪካውያንን በአንድ ምሽት የረሸኑት እዚያ ነው። በዚያው ዓመት ሚርያም ማኬባ መድረክ ላይ ዘፍና እንደወረደች ያረፈችውም እዚያ ነው። የኦሲምሄን መኪና በእነዚያ ሰዎች ፊት ታልፍ ነበር። የእነሱን ስም የሚያውቅ የለም። ኦሲምሄንም ቢሆን ነሐሴ ሳያልቅ… አይ፣ መስከረም ነው። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ቦሎኛ ላይ ሪጎሬ ሳተና የገዛ ክለቡ ቲክቶክ ገጽ አላገጠበት። ወኪሉ ክስ እስከማሰብ ደረሰ። በዚያ ዓመት ናፖሊ ሦስት አሠልጣኝ ቀያይሮ 10ኛ ወጣ። ኖኖ «የማን እግር ገብቶ ነው?» ሲሉ እኔ ወደ ጣሪያው ነው ያየሁት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ልጽፈው ደስ አይለኝም። ልጅ ሆኜ እናቴ ቤት ሠራተኛ መጣች። ከገጠር፣ ምናልባት የ14 ዓመት ልጅ። ስሟ ከእህቴ ስም ጋር አንድ ሆነ። «ቤት ውስጥ ይምታታል» ተባለና ሌላ ስም ወጣላት። የማን ስም ይቀየር ተብሎ ስብሰባ አልተጠራም። አራት ዓመት በዚያ ስም «አቤት» ብላለች። እኔም በዚያ ስም ጠርቻታለሁ፤ ውሃ አምጪ፣ ጫማዬን አምጪ። አንድ ቀንም ትክክለኛ ስሟን አልጠራኋትም። ኖኖ «ማሪያ፣ ቡና!» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ አልፎ አልፎ የራሴን ድምፅ እሰማለሁ። ቢሆንም ያናድደኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ይቻላሉ።

ሐሙስ ደረሰ። ሜይ 4፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2015። ጨዋታው ሰሜን ጫፍ፣ ኡዲኔ ነው። ማራዶና ስታዲየም ውስጥ ስክሪን ተተክሎ ባዶ ሜዳ ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተቀምጦ ያያል። እኔ ወጥ ቤት። በሩ ተዘግቷል። ሽንኩርት ይዣለሁ።

ገና በ13ኛው ደቂቃ ሳሎኑ ጭጭ አለ። ኡዲኔዜ አግብቶ ኖሯል። «ማሪያ! በሩ ተከፍቷል እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ተዘግቷል ኖኖ!» ብዬ በሁለት እጄ ገፍቼ አረጋገጥኩ። በራሴ ሳቅሁ።

ከእረፍት መልስ ጩኸቱ መጀመሪያ ከላይ ፎቅ ወረደ። ከዚያ ከጎን ግድግዳ። ከዚያ ከመንገዱ። የእኛ ቴሌቪዥን በኢንተርኔት ስለሆነ ይዘገያል፤ አገር ቤት ዲኤስቲቪ ያለው ጎረቤት ቀድሞ ሲጮህብን እንደነበረው። ኖኖ ጎል መግባቱን አውቀዋል፣ ግን ገና አላዩትም። «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» ሲሉ እሰማለሁ። ከዚያ አዩት። ኦሲምሄን። 52ኛው ደቂቃ። 1 ለ 1። አንድ ነጥብ ይበቃ ነበር።

ፊሽካ ሲነፋ አምስት ጨዋታ እየቀረ ተጠናቀቀ። የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ አንዱ ወድቆ ተሰበረ። ሳሎን ውስጥ ይጮሃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ወንበር ይወድቃል። እኔ ወጥ ቤት ነኝ። ውጪ ያለኝ የለም። ረስተውኛል! ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ቀይ ወጤ እንዳያርብኝ ውሃ ጠብ አደረግኩ። ከተማው ሻምፒዮን ሲሆን እኔ ድስት እጠብቃለሁ።

በመጨረሻ በሩን ራሳቸው ኖኖ ከፈቱት፤ በአራት እግሩ ብረታቸው ተደግፈው። ፊታቸው ርሷል። ጥርሳቸው የለም። «ማሪያ» አሉ፣ «33 ዓመት።» ግንባሬን ሳሙኝ። የሽንኩርቱ ሽታ ነው መሰል እኔም አለቀስኩ። ሰገነት ላይ አወጣኋቸው። ሰማዩ በእሳት ተቀዷል። ርችት፣ የመኪና ጥሩንባ፣ የቤተክርስቲያን ደወል፣ የሚቃጠል ነገር ሽታ። ከሦስተኛ ፎቅ ጆርጂያዊቷ ጎንበስ ብላ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ስሜን ጠራችኝ፤ «ጸ»ዋን እያፈነዳች። ቀና ብዬ እጄን አውለበለብኩላት። ኖኖ «ክቫራ ማንን ነው የምትጠራው?» አሉኝ።

ያን ሌሊት መሐል ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት በጥይት ሞቷል፣ ብዙ ሰውም ተጎድቷል። ያን የሰማነው ጠዋት ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኖኖን አስተኝቼ ጋደም አልኩ። ተኩሱ አልቆመም። ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት። አገር ቤት አሥር ሰዓት ሆኗል፣ ነጠላዋን ለብሳ ወደ መድኃኔዓለም ልትወጣ ነው። ወር በገባ በ27 አትቀርም።

«ምንድነው እሱ? ተኩስ ነው?» አለች ደንግጣ።

«ርችት ነው እማ። ጣሊያኖቹ አሸንፈው ነው።»

ዝም አለች። ከጀርባዋ የዶሮ ጩኸት ይሰማኛል።

«ዛሬ? በሚያዝያ 27?»

«አዎ።»

«ማንን?»